ቆቃ ስንት ደረሰ?

ነሐሴ ሲጋመስ በቆቃ የሠራተኞች ሰፈር ከሰው ሁሉ አፍ የማይጠፋ ጥያቄ ነበር፤ «ስንት ደረሰ?» የሚል። ምኑ ተብሎ የሚጠየቅ አልነበረም። ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች፣ ተረኛነት የሚቀያየሩ የማሽን ቤት ሠራተኞች፣ ከሞጆ እህል ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሰላምታቸውን በቅጡ ሳይጨርሱ የሐይቁን ከፍታ ይጠያየቁ ነበር። «ገና ሦስት ሜትር ይቀረዋል» ከተባለ ፊት ሁሉ ይጨፈግጋል። «ትናንት ማታ ብቻ ሃያ ሳንቲ ሜትር ጨመረ» ከተባለ ደግሞ ያን ዕለት ቡናው ከወትሮው ይረዝማል።

ይህ በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ቆቃ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ግድብ ነው። ጉልበቱ 43 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። በዚያ ዘመን ግን የአዲስ አበባና የናዝሬት አምፖል፣ የአቃቂ ፋብሪካዎች ሞተር በአብዛኛው የዚያን ሐይቅ ውሃ ይጠብቅ ነበር። ከበታቹ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 ተከታትለው ሲሠሩ ያው ውሃ ሦስት ቦታ ተርባይን እያዞረ የሚወርድ ሆነ። ስለዚህ የአንዱ ሐይቅ መጉደል የሦስት ጣቢያ መጉደል ነበር፤ ሕፃን እንኳ ይህን ያውቅ ነበር።

ከፍታውን የሚያነበው አንድ ሰው ነው። ስሙን ጠርተነው አናውቅም፤ ጋሼ ነው የምንለው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ካቦርቱን ደርቦ፣ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ግድቡ ይወርዳል። ግንቡ ላይ ጥቁርና ነጭ የተቀባ መለኪያ ተተክሏል። ነፋስ ያለ ቀን ሞገዱ መለኪያው ላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቸኩሎ አያነብም፤ የወጣበትንና የወረደበትን ደጋግሞ አይቶ መካከሉን ይይዛል። ከዚያ ስልክ ቤት ገብቶ ቁጥሩን ለአዲስ አበባ ያቀብላል። መስመሩ ስለሚንጫጫ እያንዳንዱን አኃዝ ሁለት ሁለት ጊዜ ይጮኸዋል። ልጆች ከትምህርት ቤት በፊት መስኮቱ ሥር ቆመን እንሰማና ቁጥሩን ይዘን ወደየቤታችን እንሮጣለን። ጸሐፊውም፣ ቴክኒሽያኑም፣ ጥበቃውም የዕለቱን ከፍታ የሚያውቁት ከጋሼ ጩኸት ነበር።

ዛሬ መጮህ አያስፈልግም። በአዳዲሶቹ ግድቦች መለኪያው ራሱ ቁጥሩን ይልካል። በብሔራዊው የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከል የተቀመጠ ባለሙያ የግልገል ጊቤ 3ን፣ የተከዜን፣ የበለስንና የሕዳሴን ሁኔታ ከወንበሩ ሳይነሣ ያያል። የሕዳሴ ሐይቅ፣ አሁን ንጋት የሚባለው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ቆቃ ሲገነባ የነበረው አቅም 1.85 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ አርባ ቆቃ ማለት ነው። ከሕዳሴ ተርባይኖች አንዱ ብቻውን መላውን የቆቃ ጣቢያ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ይበልጠዋል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሳለ «ስንት ደረሰ?» የሚል ጎረቤት አይገጥመኝም።

ያን ጊዜ ጥያቄው ከጭንቀት የመጣ እንደነበር አልክድም። ውሃውን የሚመድቡት ሰዎች ሥራ፣ አንዱን ጎተራ ከመኸር እስከ መኸር ማድረስ ካለባት የቤት እመቤት ሥራ ጋር አንድ ነበር። ቆቃ በመስከረም መጨረሻ ሞልቶ ካልተገኘ የሚቀጥሉት ስምንት ወራት ጭንቅ ናቸው። ከዚያ ወዲያ የሚገባው ጥቂት ነው፤ የሚወጣው ብዙ። ተርባይኑ ይወስዳል፣ የወንጂ ሸንኮራ ይወስዳል፣ ከመተሐራ እስከ አሚባራ ያለው እርሻ ድርሻውን ይጠብቃል፣ የቀረውን የቆላ ፀሐይ ይመጠዋል። ከፍታው በወረደ ቁጥር ደግሞ ውሃው ተርባይኑ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ስለሚቀንስ፣ ታኅሣሥ ላይ ለማመንጨት ከበቃው የበለጠ ውሃ ግንቦት ላይ ለዚያው ኃይል ያስፈልጋል። ሐይቁ ሲጎድል ወጪው ይጨምራል ማለት ነው። ከተወሰነ ከፍታ በታች ከወረደ ውሃ መውሰጃው አየር ይስባል፤ ተርባይኑም መቆም አለበት።

ታዲያ እንዲህ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ይዞ መቆየት አይሻልም ነበር? አይሻልም። ሐይቁ ሞልቶ ሐምሌን ከተቀበለ ለነሐሴ ጎርፍ ቦታ አይኖረውም። ስለዚህ ሰኔ ላይ ሐይቁ ዝቅ ብሎ፣ ባዶ ቦታ አዘጋጅቶ ክረምቱን መጠበቅ አለበት፤ ዝናቡ ከቀረ ግን ያ ባዶ ቦታ ባዶ እንደሆነ ይቀራል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ይህን የሚወስኑት ሰዎች በእጃቸው የነበረው ከላይ ከሆምቦሌ የሚነገራቸው የአዋሽ ወንዝ ከፍታና ያለፉት ዓመታት ደብተር ነበር። በዚያው ቀን አምና ስንት ነበር፣ ካቻምና ስንት ነበር እያሉ ገጽ ይገልጣሉ። ያንን ደብተር አንድ ቀን አይቼዋለሁ። የተለያየ እጅ ጽሕፈት፣ የተለያየ ቀለም፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ የዝናብ ጠብታ ያበላሸው መስመር። ከቁጥሩ አጠገብ «ዝናቡ ዘገየ»፣ «ደለል በዛ» የሚሉ አጫጭር ማስታወሻዎች ነበሩ። እነዚያን ቃላት ማንም ጻፉ ብሎ ያዘዘ አይመስለኝም። የሥራው ፍቅር ያመጣቸው ናቸው።

ማስተንፈሻው የሚከፈትበት ክረምት ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ሥራ ይበዛበታል። ወደ ወንጂ ይደወላል፤ ከግድቡ በታች ወዳሉት መንደሮች ላንድሮቨር ይላካል። አንዳንዴ ጋሼም አብሮ ይሄዳል፤ ገበሬዎቹ የሚያምኑት እሱን ስለሆነ። «ነገ ማለዳ ይለቀቃል፤ ከብቱን ከዳር አውጡ፤ ልጆቹ እንዳይወርዱ» ይላቸዋል በኦሮምኛ። እነሱም «ስንት ደርሶ ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ቁጥሩን ይነግራቸዋል። የማስጠንቀቂያ ወረቀት አልነበረም፣ የድርጊት መርሐ ግብርም አልነበረም፤ ግን የሚለቀው ሰውና የሚለቀቅበት ሰው ይተዋወቁ ነበር።

የ2012 ዓ.ም. ክረምትን እናስታውስ። ሐምሌ ላይ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ዙር ውሃ ያዘ፤ 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ። አገሩ በሙሉ ተደሰተ፤ እኔም ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ አለቀስሁ። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አዋሽ አፋር ውስጥ ከዳሩ ወጣ። ከላይ የዘነበው ዝናብ ነበር፤ ሞልተው ከለቀቁት ግድቦች የወረደውም ውሃ ተጨመረበት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ፤ ከብት አለቀ፣ ጥጡም ማሽላውም ሰመጠ። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ወር ዕድሜ ውስጥ ነው የተከታተሉት። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ይዘከራል፤ ሌላውን የሚያስታውሰው የደረሰበት ብቻ ነው።

ዛሬ ማስጠንቀቂያ አይወጣም ማለቴ አይደለም። ይወጣል። «ውሃ ስለሚለቀቅ በታችኛው ተፋሰስ ያላችሁ ጥንቃቄ አድርጉ» የሚል መግለጫ በቴሌቪዥንና በፌስቡክ ይነበባል። ግን ከፍታው ምን ያህል እንደደረሰ፣ በሰዓት ምን ያህል እንደሚለቀቅ፣ ውሃው የትኛው ቀበሌ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ መግለጫው ብዙ ጊዜ አይናገርም። ግመሎቹን ይዞ አሚባራ ሜዳ ላይ ያለ ሰው «ጥንቃቄ አድርግ» የሚለውን ቃል ምን ያደርገዋል? የሚያስፈልገው ሰዓቱና ከፍታው ነው። ጋሼ ላንድሮቨር ላይ ተቀምጦ ያደርስ የነበረው ያንኑ ነው።

ወደ ዓባይ እንሂድ፤ እዚያ ትውስታዬ ይሞቃል። ወጣት ሳለሁ ጢስ ዓባይን ለማየት ከባሕር ዳር በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድሁ። ፏፏቴው ሳይታይ ድምፁ ይመጣል። ከዚያ የውሃው ብናኝ ፊትን ያረሰርሳል፤ ልብስ ሳይዘንብ ይበሰብሳል። በኪሴ የነበረው አንድ ብር ጀርባው ላይ ያው ፏፏቴ ነበር የታተመው፤ አውጥቼ አነጻጸርሁት፤ ሥዕሉ አንሶ ታየኝ። በ1956 ዓ.ም. የተሠራችው የመጀመሪያዋ ጢስ ዓባይ ጣቢያ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ስለምታመነጭ ከወንዙ የምትወስደው ውሃ ፏፏቴውን አያጎድለውም ነበር።

ከጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ማገጃ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቀጥሎም 73 ሜጋ ዋቱ ጢስ ዓባይ 2 በ1993 ሲመጣ ጣና ራሱ የሚታዘዝ ሐይቅ ሆነ። በ1994 ክረምቱ ደከመ፤ ኃይል ግን ያስፈልግ ነበርና ውሃው መለቀቁን ቀጠለ። በ1995 ጣና ማንም ከሚያስታውሰው በታች ወረደ። ጀልባዎች ከወደባቸው ራቁ፤ ገበሬዎች የሸሸውን ዳርቻ ተከትለው አረሱ። ፏፏቴው ከነበረው ብዙውን አጣ። በኋላ የበለስ ጣቢያ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ የጣናን ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። ከጢስ ዓባይ ይልቅ ከአንዱ ጠብታ እጅግ የበለጠ ኃይል ይገኛል፤ በሒሳቡ ትክክል ነው፤ ለበለስ ሸለቆ እርሻም ውሃ ሆኗል። አሁን ጢስ ዓባይን በበጋ የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ጥቁር ገደልና በአንድ ጥግ የሚወርድ ነጭ መስመር ነው። አንድ ብሩም ከወረቀት ወደ ሳንቲም ተለውጦ ሥዕሉ ከእጃችን ወጥቷል። እኔ ኃይሉን እመርጣለሁ። ቢሆንም ልጆቼ ያንን ድምፅ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ፈረቃን የማያስታውስ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1995፣ ከዚያም በ2001 እና በ2002 መብራት በተራ ነበር። የሰፈሩ ሰው የራሱንም የሌላውንም ተራ በቃሉ ይይዛል፤ ዱቄት የሚያስፈጭ፣ እንጀራ የሚጋግር፣ ልብስ የሚተኩስ ሁሉ በዚያው ይቀናል። «ነገ የእኛ ነው፤ ምጣዱን ወደ እናንተ ይዘን እንመጣለን» ማለት ነውር አልነበረም። በሻማ ዙሪያ ተቀምጦ ማጥናት፣ ኩራዝ ላይ ጥላ እየሠሩ ሕፃን ማጫወት፣ ከዚያ መብራቱ ሲመጣ የመንደሩ እልልታ። የማይረሳኝ ግን ሌላ ነው። የታክሲ ረዳቱም ሐኪሙም የጨለማውን ምክንያት አውቀው ነበር፤ ክረምቱ ደከመ፣ ግድቦቹ አልሞሉም። ዝናብ ሲዘንብ ቢያረጥባቸውም «ይዝነብ፣ ለግድቡ ነው» ይሉ ነበር።

አሁን የውሃ እጥረት ያመጣው ፈረቃ ከአእምሮ እየራቀ ነው። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎድሎባት እንደገና ተራ ይዘን ነበር፤ ብዙ ሰው ያን ጊዜ ተገረመ፤ «ያ ሁሉ ግድብ ተሠርቶ?» አለ። 243 ሜትር የቆመ ግድብም ከሰማይ ነፃ እንዳልወጣ ያወቀው በዚያ ሳምንት ነው። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ከተመረቀ በኋላ ነገሩ ተለውጧል። እንዲህ ያለ ሐይቅ የደጉን ዓመት ውሃ ለክፉው ዓመት ማሻገር ይችላል፤ ቆቃ ግን ከክረምት እስከ ክረምት ማድረስ ብቻ ነበር የሚሆንለት። የዛሬው መሐንዲስ «ውሃ አለን ወይ?» ሳይሆን «ዛሬ ከየትኛው ሐይቅ እንውሰድ፣ የትኛውን እናሳርፍ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ የጋሼ ዘመን ሰዎች ቢያዩት ደስታቸው ወሰን ባልነበረው። ሆኖም መብራት ዛሬም ይጠፋል። መስመር ይበጠሳል፣ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ምሰሶ ይወድቃል። ጨለማው ያው ነው፤ ምክንያቱን ግን የሰፈሩ ሰው አያውቀውም። ሳያውቅ ሲቀመጥ ይናደዳል፤ ያን ጊዜ እያወቀ ሲቀመጥ ይታገሥ ነበር።

ባለፈው መስከረም ቆቃ ሄጄ ነበር። ሐይቁ ሞልቷል። መለኪያውን አነበብሁት፤ በልጅነቴ ከጋሼ አፍ የምሰማው ዓይነት ቁጥር ነው፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ የልጅ ልጄ የምታህል፣ ነገሩን አስረዳችኝ። «አባባ፣ ከፍታው ያው ነው፤ ውሃው ግን ያው አይደለም» አለችኝ። አዋሽና ሞጆ ከደጋው አጥበው ያመጡት ደለል ከሐይቁ አቅም ከሦስት እጅ አንዱን ገደማ ወስዷል። በዚያው ሜትር ላይ ቆሞ የሚታየው ውሃ ከሥሩ አፈር ነው። ስለዚህ የጋሼን ደብተር አውጥቶ «አምና በዚህ ቀን እንዲህ ነበር» ማለት ዛሬ ብቻውን አያዋጣም፤ የሐይቁን ወለል እንደገና መለካት፣ እያንዳንዱ ሜትር ስንት ውሃ እንደሚይዝ እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ጎርፍ የሚያርፍበት ቦታም በዚያው ልክ ጠቧል። ስለዚህ ከግድቡ በታች ያለው ሰው ከአባቱ ይልቅ ለጎርፍ ቅርብ ነው። ከሐይቁ በላይ፣ ሉሜና አዳአ ላይ፣ የእርከን ሥራ ሲቀር ዋጋው የሚከፈለው ወንጂና አፋር ላይ ነው።

ስንዋኝበት የነበረው ዳርቻም በበጋ አረንጓዴ አተላ ያለብሰዋል፤ ከሞጆ በኩል የሚገባው የፋብሪካ ቆሻሻ አንዱ ምክንያት ነው። ልጆች እንዳይወርዱ ወላጆች ይከለክላሉ።

ያላሰብነው ትርፍ ደግሞ አለ። ሐይቁ ሲሠራ መሬታቸው የሰመጠባቸው ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ነበሩ፤ ስለ እነሱ በሰፈራችን ብዙ አይወራም ነበር፤ ይህን አሁን ሳስበው ይከነክነኛል። ዛሬ ግን በቆቃ ዙሪያ በፓምፕ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም የአዲስ አበባን ገበያ ይመግባል፤ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው እርጥብ መሬት በቆሎ ይበቅልበታል። ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምዱ ማኅበሮች አሉ። ንጋት ሐይቅም ገና ከመሙላቱ ዓሣ አስጋሪ ወጣቶችን ስቧል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያቺ መሐንዲስ። በእኛ ጊዜ ስለ ሐይቁ የሚወስኑት ትላልቆቹ ሰዎች በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሴት ማሽን ቤት ገብታ አይቼ አላውቅም። አሁን የግልገል ጊቤን ውሃ በቀን ስንት እንውሰድ ብለው የሚከራከሩት የእኛው ልጆች ናቸው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ቆቃ በጣሊያን ካሣ የተሠራ ግድብ ነው፤ የሐይቁን ከፍታ ግን በየጠዋቱ እናውቅ ነበር። ሕዳሴን መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ ሕዝቡ ቦንድ ገዝቶ፣ ደመወዙን ሰጥቶ፣ በስልኩ መልእክት እየላከ ሠራው። ከፍታውን ግን የምንሰማው በበዓልና በመግለጫ ቀን ነው። የዶላር ምንዛሬ በየቀኑ ይነገረናል፤ የአየር ትንበያም እንዲሁ። የትልልቅ ሐይቆቻችን ከፍታ ከትንበያው ጋር አብሮ ቢነበብ የሚጎዳው ማነው? ሰው ዝናቡንና መብራቱን እንደገና አገናኝቶ ያስባል፤ የእርከን ሥራውንም ከራሱ አምፖል ጋር ያያይዘዋል። ይህ ሁሉ ቀስ ብሎ ቢመጣም ግድ የለም።

ሊዘገይ የማይገባው የአዋሹ ነው። ቁጥሩ በየዕለቱ ይመዘገባል፤ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30፣ በየጠዋቱ በሬዲዮ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ፦ ቆቃ ዛሬ ስንት ደርሷል፣ እስኪሞላ ስንት ይቀረዋል፣ ከተለቀቀ ስንት ሰዓት ወንጂ፣ ስንት ሰዓት መተሐራ፣ ስንት ሰዓት አሚባራ ይደርሳል።